ቀስ ብላ የምታነብ እናት አንባቢ ልጅ ታሳድጋለች?

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። እንደምን አሉልኝ? ይህን ደብዳቤ እኔ እየነገርኳት የምትጽፍልኝ የሥራ ጓደኛዬ ናት። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ዕድሜዬ 31 ነው። ገጠር እያለሁ ከ5ኛ ክፍል ትምህርት አቋርጫለሁ። ማንበብ አያቅተኝም፣ ግን ቀስ ብዬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ነው።

የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ፊደል ከለየች ጀምሮ ያየችውን ሁሉ ታነብልኝ ነበር። የሱቁን ታፔላ፣ ባጃጅ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ፣ የዘይቱን ጀሪካን ሳይቀር። ቡና ሳፈላ አጠገቤ ቁጭ ብላ ከጎረቤት የተዋሰችውን የተረት መጽሐፍ ታነብልኛለች።

በቅርቡ የሠርግ ጥሪ ካርድ መጣልን። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ ነበሩ። ጮክ ብዬ ላንብብ ብዬ አንድ ቃል ተሳሳትኩ። ልጄ ‹እማ፣ እንደሱ አይደለም› ብላ አረመችኝ። ሰው ሳቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ‹ዝም በይ! ማን ጠየቀሽ?› ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ወዲህ ለእኔ ማንበብ ተወች። ጥግ ይዛ ብቻዋን ታነባለች። ስጠጋት መጽሐፉን ትዘጋለች።

የባለቤቴ እህት ‹እናት ሳትማር ልጅ አንባቢ አይሆንም› አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ካነበበች ይበቃታል፣ ተረት ምን ያደርግላታል ይላል። እኔ ግን ስታነብ ሳያት ደስ ይለኛል። እንደ እኔ እንድትሆን አልፈልግም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። አዎ፣ ታሳድጋለች። ቀስ ብላ የምታነብ እናት፣ ጭራሽ ፊደል ያልቆጠረች እናትም አንባቢ ልጅ ታሳድጋለች። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። የዚህ አገር አንባቢ በአብዛኛው የወጣው ከእንዲህ ዓይነት ቤት ነው።

የባለቤትሽ እህት ያለችው እውነት ቢሆን ኖሮ ያስተማሩን መምህራን፣ ያከሙን ሐኪሞች ከየት መጡ? ከ1966ቱ አብዮት በፊት በኢትዮጵያ ከ100 ሰው ከ90 በላይ የሚሆነው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። የዚያ ዘመን ተማሪ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው ያልተማረ ቤተሰብ ነው። ግን እናቱ «የኩራዙ ጋዝ አለቀ» ብላ አልከለከለችውም። አባቱ ከብቱን ራሱ አግዶ «አንተ ተማር» ብሎታል። እነዚህ ወላጆች መጽሐፍ አልገዙም፣ ገጽ አልገለጡም። ልጁ የሚያነብበትን ሰዓትና ብርሃን ግን ሰጥተዋል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ደግሞ ወጣቱ አስተማሪ፣ ትልቁ ሰው ተማሪ ሆነ። ተማሪዎችና መምህራን በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ገብተው ጎልማሶችን ፊደል አስቆጠሩ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ዩኔስኮም በ1980 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ሥራ ኢትዮጵያን ሸልሟል። ብዙ እናቶች ስማቸውን መጻፍ የቻሉት የልጆቻቸው እኩያ ከሆኑ ዘማቾች ተምረው ነው። ልጅሽ አንቺን ማረሟ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ውርደትም አይደለም።

ስለ እኔም ቤት ትንሽ ላጫውትሽ። ያደግሁት አዳማ ነው። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከሄደ ቶሎ አይመለስም። ከመንገድ ደብዳቤ ይልካል። እናቴ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤ ሲመጣ እኔ እጠራለሁ፤ ጎረቤቶችም ይሰበሰባሉ። «ለጤናችሁ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ እጀምራለሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ስጨርስ «እስቲ ድገሚው» ትለኛለች። እደግመዋለሁ። «እዚያች ስለ ጎማው የተናገረው ጋ ቀስ በይ» ትላለች። ከዚያ በኋላ በቃሏ ይዛዋለች። አንድ መስመር ብዘል እንኳ ታውቅብኛለች።

መልሱን ስንጽፍም እንደዚሁ ነው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንብቤ ሳሰማት «አይ፣ ይሄማ ቁጣ ይመስላል፣ ለስለስ አድርጊው» ትለኛለች። አንድን ነገር በስንት ዓይነት መንገድ መናገር እንደሚቻል፣ የቱ ሰውን እንደሚያስከፋ፣ የቱ እንደሚያስደስት የተማርኩት ከእሷ ነው። ቤታችን ውስጥ መጽሐፍ አልነበረም ማለት ይቻላል። ማንበብን የወደድኩት ግን እዚያው ነው። ሳነብ የምትጓጓ፣ የምትስቅ፣ አንዳንዴም በነጠላዋ ዓይኗን የምትጠርግ ሰው ፊቴ ነበረች። የማነበው ነገር ለሰው የሚያስፈልግ መሆኑን አየሁ። ያንን ያየ ልጅ ከማንበብ አይለይም።

ለዚህ ነው ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ጀሪካኑና ስለ ባጃጁ ጥቅስ የተናገርሽው ላይ ቆም ያልኩት። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ልጅሽ የዘይት ጀሪካን የምታነብልሽ ጀሪካኑ ወሬ ስላለው አይደለም። «እማ፣ ይሄም ይናገራል፣ ስሚው» እያለችሽ ነው። እና ለዓመታት ስትሰሚያት ኖረሻል። ቡና እያፈላሽ፣ ደክሞሽ ከሥራ ገብተሽ ሰምተሻታል። ልጅሽን አንባቢ ያደረግሻት አንቺ ነሽ። ያልተማረች እናት ናት የተባልሽው አንቺው።

አሁን ብቻዋን ማንበቧ በራሱ መጥፎ አይደለም። ከ8 እና 9 ዓመት ጀምሮ ብዙ ልጆች ድምፅ ማውጣት ትተው በልባቸው ማንበብ ይጀምራሉ። ማደጓ ነው። ስትጠጊያት መጽሐፉን መዝጋቷ ግን ሌላ ነው። እሱ ስብራት ነው፤ ይጠገናል።

ያን ቀን ምን እንደሆነ በእሷ ዓይን እይው። ልጅሽ ልታዋርድሽ አላረመችሽም። እንደ ወትሮው አብራችሁ የምታነቡ ነው የመሰላት። የሳቁት ትልልቆቹ ናቸው። የተቆጣሽው ግን እሷን ነው። እናቷ በሰው ፊት ስላፈረች እንደሆነ ደግሞ የ9 ዓመት ልጅ ከየት ታውቃለች? «ማንበቤ እማዬን አናደዳት» ብላ ነው የያዘችው። ስለዚህ ካንቺ መደበቅ ጀመረች። አንቺን እንዳታናድድሽ ነው የምትደብቀው።

ስለዚህ ንገሪያት። በእኛ ዘንድ ወላጅ ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ብዙ አይታይም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ንገሪያት። ሰው በሌለበት፣ ጸጉሯን ስትሠሪያት ይሁን። እንደዚያ ሲሆን ፊት ለፊት አትተያዩም፣ ለሁለታችሁም ይቀላል። «ያን ቀን የጮህኩብሽ አፍሬ ነው። አንቺ አላጠፋሽም፤ ልክ ነበርሽ። ስታነቢልኝ ደስ ይለኛል፤ ናፍቆኛል» በያት። ይኸው ነው። አታስረዝሚው። «እሺ በይኝ» ብለሽም አታስጨንቂያት። ወዲያውም «በይ አሁን አንብቢልኝ» አትበያት። ጥቂት ቀን ይለፍ።

ከዚያ እውነተኛ ጉዳይ ይዘሽ ሂጂ። ከትምህርት ቤት የመጣ ማስታወቂያ ይሁን፣ ስልክሽ ላይ የገባ መልእክት ይሁን፣ የመድኃኒት ወረቀት ይሁን። «ይሄ ምን ይላል? አንብቢልኝ እስቲ» በያት። የማትፈልጊውን ነገር እንደምትፈልጊ አትምሰዪ። ልጆች የውሸት ጥያቄ ያውቃሉ። የምርሽን ስትፈልጊያት ግን ትመጣለች።

ሰው ፊት ስለማረም ደግሞ ተስማሙ። «ሰው ባለበት ከተሳሳትኩ እጄን ንኪኝ፣ ወረቀቱን ላንቺ እሰጥሻለሁ» በያት። ጨዋነትን ትማራለች፣ ያወቀችውንም መደበቅ አይኖርባትም። የሚቀጥለው የጥሪ ካርድ ሲመጣ ደግሞ ከመጀመሪያው «ነይ ልጄ፣ አንብቢልን» ብለሽ ለእሷ ስጫት። እነዚያው የሳቁት ጎረቤቶች «እሰይ፣ ጎበዝ» ሲሏት አጠገቧ ተቀመጪና ስሚ።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉም በላይ ወዳሳሰበኝ ነገር ልምጣ። «እንደ እኔ እንድትሆን አልፈልግም» ብለሻል። ከፍቅር እንደመጣ ይገባኛል። የምትይው ስለ ትምህርት ዕድል ነው፣ ስለ ደመወዝ ነው፣ ስለ ድካም ነው። እናት ሁሉ ልጇ ከእሷ የተሻለ እንዲገጥማት ትመኛለች። ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ልጅሽ እንዳትሰማት አደራ እልሻለሁ።

ለምን መሰለሽ? «አንብቢ፣ እንደ እኔ እንዳትሆኚ» የተባለች ልጅ ማንበብን ከእናቷ መሸሻ አድርጋ ትይዘዋለች። አንድ ገጽ ባነበበች ቁጥር አንድ እርምጃ ከአንቺ የራቀች ይመስላታል። አንዳንዷ ልጅ በዚህ ምክንያት እናቷን መናቅ ትጀምራለች። አንዳንዷ ደግሞ እናቷን ላለማጣት ስትል መጽሐፉን ትተዋለች። ሁለቱንም በሰፈራችን አይቻለሁ። ከከተማ ተምሮ መጥቶ ከእናቱ ጋር የሚያወራው ያጣ ልጅ የለም? የእናትየው ኩራትና ኀዘን አንድ ላይ ሲሆን አላየሽም? ማንም ክፉ ሳይሆን የሚመጣ ነገር ነው። ገና ከልጅነት ጀምሮ ንባብ የልጁ ብቻ፣ ቤት ደግሞ የእናት ብቻ ሆኖ ሲከፈል የሚመጣ ነው።

አንቺ ጋ ግን ገና አልተከፈለም። ቡና ላይ አብራችሁ ነበራችሁ። ወደዚያው ተመለሱ። «እንደ እኔ እንዳትሆኚ» ከማለት «ያነበብሽውን ንገሪኝ፣ እኔም ልወቀው» በያት። አብራሽ ትሄዳለች።

«ግን እኔ ምን አውቄ ነው የምረዳት?» ትይኝ ይሆናል። ጆሮ አለሽ። ጆሮ ደግሞ በአማርኛ ንባብ ትልቅ ሥራ አለው። ፊደላችን 33 ቤት ነው፣ እያንዳንዱ 7 ድምፅ አለው፤ 231 ይሆናል። ይህን የለየ ልጅ የትኛውንም ቃል ቆጥሮ ሊጠራው ይችላል። ፊደላችን ግን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ጅቡ አለ» ብሎ ሲጽፍ፣ ጅቡ ተናገረ ነው ወይስ ጅቡ እዚያ አለ? ወረቀቱ ላይ አንድ ነው። የተረት መጽሐፍ ደግሞ በዚህች ቃል የተሞላ ነው። ልጅ ማላላት ያለባትን ካጠበቀች ተረቱ ይዛባል። ይህን የሚይዘው ዓይን ሳይሆን ተረት ሲሰማ ያደገ ጆሮ ነው። አንቺ ደግሞ ገጠር ያደግሽ ልጅ ነሽ። ተረት ጠግበሽ ነው ያደግሽው።

ታዲያ ስትሳሳት «ተሳሳትሽ» አትበያት። «ቆይ፣ ማነው የተናገረው? ጅቡ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ተመልሳ ታየዋለች። ራሷ ታርመዋለች። ከምትፈጥንና ከምትቸኩል ይልቅ የምታነበውን መረዳት ትለምዳለች። «አልገባኝም፣ ድገሚልኝ» ማለትም አትፈሪ። መድገም ለእሷም ጥቅም ነው። አንድን ገጽ ደጋግማ ያነበበች ልጅ ንባቧ ይሰላል፣ ድምፅዋም ከታሪኩ ጋር ይሄዳል። ትምህርት ቤት ሲዳምኛም የምትማር ከሆነ፣ በላቲን የተጻፈውንም ታምጣው። ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ካለ እሱ ይስማላት። ሥራው ያው ነው።

ደግሞስ ንባብ በዝምታና በብቻ መሆን አለበት ያለው ማነው? የቄስ ትምህርት ቤት ልጆች መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን የሚያነቡት ጮክ ብለው ነው። ቁርኣን ቤትም እንደዚያው። የቀደመው ተማሪ ለኋለኛው ያሳየዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሟል፤ ብዙ ሰው ግን መጽሐፉን ያወቀው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምቶ ነው። ሬዲዮ ያለው ቤት ጎረቤት ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ፊደል የማያውቁ ሰዎች ለሰብለ ወንጌል አዝነዋል፣ ስለ ጉዱ ካሳ ተከራክረዋል። መጽሐፉን አያውቁትም ልንላቸው ነው? አብሯቸው ያደመጠ ልጅ ስንቱ ነው በኋላ መጽሐፉን ፈልጎ ያነበበው!

ሺፍትሽ ማታ በሚሆንበት ሳምንት ምን ይሁን እንደምትይ ገምቻለሁ። ስትገቢ ተኝታለች፣ ስትነሺ ትምህርት ቤት ሄዳለች። ለዚህ የባለቤትሽን ስልክ ተጠቀሙ። ማታ ሁለት ሦስት ገጽ አንብባ ድምፅዋን ትቅዳና ትላክልሽ። አንቺ ሰርቪስ ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው። ሲመችሽ መልሰሽ በድምፅ «ያቺ ቀበሮማ ብልጥ ናት፣ ከዚያስ ምን ሆነች?» በያት። ልብ በይ፣ «ጎበዝ» ብቻ ብለሽ አትዝጊው። ስለ ታሪኩ ጠይቂያት። መስማትሽን የምታውቀው በዚያ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልለምንሽ። አንቺ የምታውቂያቸውን ተረቶች ንገሪያትና ትጻፋቸው። አንድ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። «ተረት ተረት» በያት፣ «የላም በረት» ትበልሽ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተርኪላት። ስትጽፍ «እንዴት ነው ያልሽው?» እያለች ታስቆምሻለች። ሥዕልም ትጨምርበት። ሲያልቅ በጠንካራ ክር ስፊላትና ሽፋን አድርጊለት፤ በዚህ ሙያ ከአንቺ በላይ ማን አለ? ያ ደብተር ለእሷ ንባብ በጣም ይጠቅማል። እያንዳንዱን ቃል አስቀድማ በጆሮዋ ስለምታውቀው ስታነበው አትደናቀፍም። ለአንቺም ይጠቅማል። የራስሽን ተረት በጣትሽ እየተከተልሽ ማንበብ የማታውቂውን መጽሐፍ ከማንበብ እጅግ ይቀላል። እንዲህ ደጋግመሽ ስታነቢ አንቺም ትፈጥኛለሽ። በጣት መከተል ደግሞ ነውር የለበትም።

ከዚያ ሲያልፍ፣ ሺፍትሽ ከፈቀደልሽ፣ የማታ ትምህርት ካቋረጥሽበት መቀጠልም አለ። ይህን ለልጅሽ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ አስቢበት። 31 ዓመት ገና ነው።

«ዘገየሁ፣ ቤታችንም ለንባብ አይመችም» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርሽ፤ ከከተማሽ ጋር የተያያዘ ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይባላል። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጪ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ያነበበው በ19 ዓመቱ ነው። ተሰዶ አሜሪካ ገባ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ተቀጥሮ ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ አጣ። አገሩ ተመልሶ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። የተጀመረው የት መሰለሽ? ሐዋሳ! መጽሐፍ የጫነ ጋሪ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ሄዶ ይቆማል፤ ልጆቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ያነባሉ። ሲኤንኤን በ2008 እ.ኤ.አ. ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ ብሎ መርጦታል። በ19 ዓመቱ የጀመረ ሰው ይህን ሁሉ ልጅ አስነብቧል። ልጅሽ ደግሞ ገና 9 ዓመቷ ነው፣ እያነበበች ነው።

ስለ ባለቤትሽ ብዙ አልልም። ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ልጁ ፈተና እንድታልፍ ነው የሚፈልገው። የሒሳብ ጥያቄም ሆነ የሳይንስ ጥያቄ መጀመሪያ መነበብ እንዳለበት ንገሪው። ተረት በማንበብ የፈጠነች ልጅ ፈተና ላይ ጊዜ አያጥራትም። ከክርክር ይልቅ ግን እሱንም አድማጭ ማድረግ ይሻላል። ኳስ የሚወድ ከሆነ ስለ ሐዋሳ ከተማ የተጻፈውን የስፖርት ወሬ እሷ ታንብብለት። አንድ ሁለቴ ካነበበችለት ራሱ «ነይ እስቲ» ማለቱ አይቀርም።

መጽሐፍ ለመግዛት አትጨናነቂ። መጀመሪያ የክፍል መምህሯን ጠይቂ። በአንዳንድ ትምህርት ቤት መጽሐፉ አለ፣ በሩ ነው የተቆለፈው። የሚጠይቅ ወላጅ ሲመጣ ይከፈታል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መደርደሪያ፣ ያ የተረት መጽሐፍ ያዋሳችሁ ጎረቤትም አለ። የተዋሳችሁትን በጊዜው መልሱ፣ ሌላ ይሰጧችኋል። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ከተረፈሽ ደግሞ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት አንድ ግዢላት። እሑድ ፍቅር ሐይቅ ስትወጡ ይዛው ትምጣ። አንቺ ንፋስ ስትቀበዪ እሷ ታነብልሻለች።

ስትገዙ ግን እሷ ትምረጥ። ሻጩ «ይሄ ምርጥ ነው፣ ይሄ ያስተምራል» ቢል አትቸኩዪ። እዚያው ቆማ ሁለት ገጽ ታንብብልሽ። ሦስተኛውን ገጽ ሳትነግሪያት ከገለጠች ግዢው። ካልገለጠች መልሺውና ሌላ ይታይ።